በሦስት የተከፈለች ዩካታን

ሜክሲኮ ውስጥ ወደሚገኘው የዩካታን ባሕረ ገብ ምድር የሚሄዱ የቡድን ጉብኝቶች መርሐ ግብራቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አንድ ቀን ለጥንታዊ ፍርስራሽ ይመደባል፤ ለቺቼን ኢትዛ ወይም ለኡሽማል። ሌላው ቀን የቅኝ ግዛት ዘመን ከተሞች ነው፤ የሜሪዳ፣ የኢዛማልና የባያዶሊድ። የቀረው ለተፈጥሮ ድንቅ ይተዋል፤ ሴኖቴ ለሚባሉት፣ ምድሩ ተደርምሶ ለተከፈቱ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች። ቀኑ በተቀየረ ቁጥር አስጎብኚው የሚተርከው ታሪክ ባለቤቱን ይቀይራል። ፍርስራሹ የጥንት ማያዎች፣ ከተማው የስፔናውያን፣ ውኃው የማንም ያልሆነ ይሆናል። አከፋፈሉ ለጎብኚው ጊዜ ተብሎ የተደረገ ተራ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ባለፉት 180 ዓመታት ተጓዦች፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች፣ መንግሥታትና የሆቴል ባለቤቶች እየተቀባበሉ የሠሩት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው በዩካታን ፍርስራሹ፣ ከተማውና ውኃው ከመጀመሪያውም የአንድ ሕዝብ፣ የማያዎች፣ የአንድ ታሪክ አካል እንደሆኑ፣ ለያይቶ ማሳየቱም ያን ሕዝብ በገዛ አገሩ የሌለ እንደሚያስመስለው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከውኃው እንጀምር። ሰሜናዊው ዩካታን ዝናብ አያጣም፤ ወንዝ ግን የለውም። ምድሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የወረደው ዝናብ ወዲያው ይሰርግና ከመሬት በታች በዋሻ ውስጥ ይፈስሳል፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባልበት ዓይነት አገር ነው። የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ሴኖቴ ይከፈታል፤ ሰውም ከብቱም ውኃ የሚያገኘው እዚያ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ከእነዚህ ጉድጓዶች ብዙዎቹ በቀለበት መልክ የተደረደሩት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቺክሹሉብ ላይ ወድቆ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግዙፍ የጠፈር አለት ባቦደቦደው፣ ዛሬ ግን ተቀብሮ በማይታየው ስርጉድ ጠርዝ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ታሪክ ይገባበታል። ቺቼን ኢትዛ የተቆረቆረችው በሴኖቴዎች መካከል ነው፤ ሽቶሎክ የሚባለው ለከተማው ነዋሪ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቅዱሱ ሴኖቴ የስለት ማቅረቢያ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶምፕሰን ከ1904 ጀምሮ ከዚህ ጉድጓድ ደለሉን እየዛቀ ወርቅ፣ ጄድ የተባለውን አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፣ ዕጣንና የሰው አጥንት አወጣ፤ አብዛኛውን ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፒቦዲ ሙዚየም ላከው። ለሜክሲኮ የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ የሜክሲኮ ሳይንቲስቶች ኤል ካስቲዮ ከሚባለው ከታላቁ ፒራሚድ ሥር ሴኖቴ ያለ መሆኑን በኤሌክትሪክ ልኬት ማግኘታቸውን አስታወቁ። በመርሐ ግብሩ «ፍርስራሽ» እና «የተፈጥሮ ድንቅ» ተብለው ሁለት ቀን የሚወስዱት ነገሮች በመሬት ላይ አንዱ የቆመው በሌላው አናት ላይ ነው።

ድንጋዩም እንደዚሁ ይመሰክራል። ስፔናውያን ዩካታንን ለመያዝ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። በ1530ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሲስኮ ዴ ሞንቴሆ ልጅየው ንጉሣዊ ከተማ ብሎ የሰየማትን ሰፈር ሊመሠርት የሞከረው ቺቼን ኢትዛ ላይ፣ በፒራሚዶቹ መካከል ነበር። የአካባቢው ማያዎች ከብበው አስጨነቁትና ጥሎ ወጣ። ዛሬ የጥንታዊ ፍርስራሽ ተምሳሌት የሆነችው ቦታ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፣ የቅኝ ገዥዎች ከተማ ሆና ነበር ማለት ነው። ሞንቴሆ የተሳካለት ጥር 6 ቀን 1542 ሜሪዳን ሲቆረቁር ነው፤ እሷም የተቆረቆረችው ቲሆ በምትባል የማያ ከተማ ላይ ነው። ስሟን ከስፔኗ ሜሪዳ የወሰዱላት የቲሆ ሕንፃዎች እዚያ ያለውን የሮማውያን ፍርስራሽ ስላስታወሷቸው ነበር። ከዚያም ሕንፃዎቹን እያፈረሱ ድንጋዩን ለቤታቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው አዋሉት፤ ከ1561 እስከ 1598 የተሠራው ካቴድራል ግድግዳ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከቲሆ ሕንፃዎች የመጣ ነው። የሞንቴሆ ቤተሰብ በ1549 ባሠራው ቤት የፊት ግድግዳ ላይ፣ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች የሰው ራስ ረግጠው ቆመው በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ ማን በማን ላይ እንደቆመ የቤቱ ባለቤቶች አልደበቁም። ኢዛማል ውስጥ ያለው የፍራንሲስካውያን ገዳምም የተሠራው በማያ ቤተ መቅደስ መድረክ ላይ፣ በዚያው መድረክ ድንጋይ ነው። ጠራቢውም ሆነ ተሸካሚው ለስፔናዊ ጌታ የሚገብር ማያ ነበር። ስለዚህ «የስፔን ከተማ» የሚለው ስም የትእዛዙን ባለቤት እንጂ የድንጋዩንም የጉልበቱንም ባለቤት አይገልጽም።

«የቅኝ ግዛት ከተማ» የሚለው ስያሜ ከዘመን አንጻርም ያሳስታል። ጎብኚ ሜሪዳ ላይ ቆሞ ከሚያደንቀው ውስጥ ብዙው፣ በተለይ በፓሴዮ ዴ ሞንቴሆ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቪላዎች፣ ስፔን ከሄደች ከብዙ ዓመታት በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ የመጣው ከሄኔኬን ነው፤ ከቃጫ ዓይነት ተክል የሚወጣ፣ ለገመድና ለአጨዳ ማሽን ማሰሪያ የሚሆን ክር ነው። ተክሉን በየእርሻው የሚያለሙትና የሚቆርጡት ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ዕዳ ከጌታው መሬት ጋር የታሰሩ የማያ ጭሰኞች ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠቃለል ነጻ በወጣችው ሜክሲኮ ውስጥ የቀጠለው ጭሰኝነት ከታሪኩ ይወጣል፤ በደሉ ሁሉ ከስፔን ባንዲራ ጋር አብሮ የወረደ ይመስላል።

አከፋፈሉ መቼ ተጀመረ? የዘመኑ ጉብኝት አባት ተብሎ ሊጠራ የሚችለው አሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስ ከእንግሊዛዊው ሠዓሊ ፍሬድሪክ ካተርውድ ጋር በ1839 እና በ1841 ሁለት ጊዜ ወደዚያ አገር ተጉዞ በ1841 እና በ1843 ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። ፒራሚዶቹን የግብፅ ሰዎች ወይም የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ሠሯቸው እየተባለ በሚወራበት ዘመን፣ ሠሪዎቹ እዚያው የሚኖረው ሕዝብ አባቶች እንደሆኑ ስቲቨንስ በግልጽ ጽፏል። ካተርውድ ከሣላቸው ሥዕሎች ከታወቁት አንዱም ቦሎንቼን በተባለ ቦታ የመንደሩ ሰዎች ውኃ ለመቅዳት በግዙፍ የእንጨት መሰላል ወደ ዋሻ ሲወርዱና እንስራ ተሸክመው ሲወጡ ያሳያል። እንግዲህ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ውኃው፣ ፍርስራሹና ሕዝቡ ገና አልተለያዩም ነበር። መለያየቱ የጀመረው አንባቢዎቻቸው ከመጻሕፍቱ ውስጥ የወደዱትን ሲመርጡ ነው። በዱር የተዋጠው ከተማ ምስል ገነነ፤ «የጠፋ ሥልጣኔ» የሚለው ሐረግም ተከተለው።

የሚያስገርመው፣ «ጠፋ» የተባለው ሕዝብ ሁለተኛው መጽሐፍ በወጣ በአራተኛው ዓመት አገሩን ለመያዝ ተቃርቦ ነበር። በመሬት ነጠቃና በግብር የተማረሩት ማያዎች በሐምሌ 1847 አመፁ፤ በማግስቱ ዓመት ባያዶሊድን ይዘው ሜሪዳ ደጃፍ ድረስ ደረሱ። በኋላ ቢመለሱም በምሥራቁ ዱር የራሳቸውን አስተዳደር አቋቁመው ለግማሽ መቶ ዓመት ኖሩ፤ የሜክሲኮ ጦር ዋና ከተማቸውን የያዘው በ1901 ነው። በታሪክ የካስት ጦርነት በመባል የሚታወቀው ይህ ትግል በጉብኝቱ መርሐ ግብር ውስጥ ቀን የለውም። ቀን ሊኖረው የማይችለውም ከሦስቱ ዝርዝሮች ወደ አንዱ ስለማይገባ ነው፤ ለፍርስራሽ በጣም ቅርብ ነው፣ ለቅኝ ግዛት ከነጻነት በኋላ ነው፣ ለተፈጥሮ ደግሞ የሰው ነው። አከፋፈሉ ምን እንደሚጥል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ20ኛው መቶ ዓመት አከፋፈሉ መንገድና ገንዘብ አገኘ። በመጀመሪያ ሌላ አማራጭም ነበር። በ1922 የዩካታን ገዥ የሆነው ሶሻሊስቱ ፌሊፔ ካሪዮ ፑዌርቶ የማያ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር፤ ሥልጣን ሲይዝ ንግግሩን ያደረገውም በዚያው ቋንቋ ነው። በ1923 ወደ ቺቼን ኢትዛ የሚወስደውን መንገድ ሲያስከፍት ለውጭ ጎብኚ ብቻ አላሰበም፤ የማያ ገበሬ የአባቶቹን ሥራ እንዲያይ ይፈልግ ነበር። ነገር ግን በጥር 1924 በአማፂ ወታደሮች ተረሸነ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም በአርኪዮሎጂ ባለሙያው በሲልቫነስ ሞርሊ መሪነት በቺቼን ኢትዛ ቁፋሮና እድሳት ጀመረ። የካርኔጊ ባለሙያዎች የጦረኞቹን ቤተ መቅደስ፣ የሜክሲኮ መንግሥት ባለሙያዎች ኤል ካስቲዮን እያደሱ፣ የከብት ማርቢያ የነበረው መሬት ሣሩ የታጨደ፣ ሕንፃው የቀና የጉብኝት ሥፍራ ሆነ። በመርከብ እስከ ፕሮግሬሶ ወደብ የሚመጡትን እንግዶች የሜሪዳው ነጋዴ ፌርናንዶ ባርባቻኖ ያስጎበኛቸው ጀመር፤ ቤተሰቡም በፍርስራሹ አጠገብ ሆቴል ሠራ። በ1974 የካንኩን ሆቴሎች ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ ነገሩ ተጠናቀቀ። በባንክ ጥናትና በመንግሥት ገንዘብ ከባዶ የተሠራችው የባሕር ዳር ከተማ ከቺቼን ኢትዛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ጠዋት በአውቶቡስ ወጥቶ ማታ ለመመለስ ይበቃል። ባሕሩ፣ ፍርስራሹና ሴኖቴው እንግዳው ከምግብ ዝርዝር እንደሚያዝ እየመረጠ የሚገዛቸው ሆኑ።

ዓለም አቀፍ ሕጉም ለዚህ አከፋፈል ማኅተም ሰጥቶታል። በ1972 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት ቅርስን ባህላዊና ተፈጥሯዊ ብሎ ለሁለት ከፈለ። በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሲመዘገቡ ከኢትዮጵያ ላሊበላ በባህል፣ ስሜን ተራሮች በተፈጥሮ መዝገብ የገቡት በዚህ አሠራር ነው፤ ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ፣ ስሜንም ለዘመናት ሲያርሱትና ሲያሰማሩበት ከኖሩት ሰዎች ተለይተው ታዩ። ቺቼን ኢትዛም በ1988 በባህል ብቻ ተመዘገበች። ይሁንና ስምምነቱ ራሱ መውጫ አበጅቷል። ጓቲማላ ውስጥ ያለችው የማያ ከተማ ቲካል በ1979 ከነደኗ በሁለቱም መስፈርት ገብታለች። በ2002 በባህል ብቻ የተመዘገበችው የዩካታን ባሕረ ገብ ምድር ከተማ ካላክሙል ደግሞ በ2014 ደኗ ተጨምሮላት ድርብ ቅርስ ሆናለች። በ1992 «ባህላዊ መልክዓ ምድር» የሚል ክፍል መፈጠሩ፣ በ2011ም ኮንሶ ከነእርከኑ በዚሁ መመዝገቡ የሚያሳየው ክፍፍሉ የማይነካ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ነው። ዩኔስኮ በሃያ ዓመት የተረዳውን የጉብኝት መርሐ ግብሩ እስካሁን አልተረዳም።

ለዚህ ሙግት ጠንካራ መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከታሪክ የሚነሣ ነው። ቺቼን ኢትዛ የወደቀችው ስፔናውያን ከመምጣታቸው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ኡሽማልም አብዛኛው ሰው ጥሏት ነበር። ስለዚህ ፍርስራሽን ከቅኝ ግዛት መለየት እውነቱን መከተል ነው ይባላል። የከተሞቹ መውደቅ እውነት ነው፤ መደበቅም አይገባውም። ነገር ግን ከተማ መውደቁና ሕዝብ መጥፋቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቺቼን ኢትዛ በኋላ ማያፓን ገነነች፤ እሷም በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስትወድቅ አገሩ በብዙ ትናንሽ ግዛቶች ተከፋፍሎ ቀጠለ። ወደ ቅዱሱ ሴኖቴ የሚደረገው ጉዞ እስከ ስፔናውያን ዘመን እንዳልተቋረጠ የጻፈው የፍራንሲስካውያኑ መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ ነው። ይኸው ሰው በ1562 ማኒ በተባለች ከተማ የማያዎችን መጻሕፍት በእሳት አቃጥሏል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። በኋላ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ፣ በ1952 ሶቪየታዊው ዩሪ ክኖሮዞቭ የማያን ጽሕፈት የማንበቢያ መንገድ ሲያገኝ ዋና መነሻው ሆነ። የፍርስራሹን ጽሑፍ ለማንበብ የቅኝ ግዛቱ መነኩሴ ያስፈለገ ከሆነ፣ ሁለቱን በሁለት ቀን ለይቶ ማስተማር የቱ ላይ ነው እውነትን መከተል የሚሆነው?

ሁለተኛው ክርክር ከኑሮ ይነሣል። ቺቼን ኢትዛን በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኛታል፤ ፒስቴን የመሳሰሉ በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች የሚኖሩት በዚሁ ነው። እድሳቱም ሆነ ጥበቃው ያለ ጎብኚ ገንዘብ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ለጎብኚ የሚገባውን ቀላል ታሪክ መንገር ምን ጉዳት አለው? ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን ጥቅሙን ያስገኘው ጉብኝቱ እንጂ አከፋፈሉ አይደለም። አከፋፈሉማ ገንዘቡን ራሱ ከፍሎታል። ለፍርስራሹ ሲባል ትልቁ ትኬት ይቆረጣል፤ በዙሪያው ዕቃ የሚሸጡት የማያ ልጆች ግን ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ቦታ የመነገድ መብታቸው ሲያከራክር ኖሯል። «የተፈጥሮ» የተባለው ውኃም የማንም እንዳልሆነ ሲታሰብ ለጉዳት ይጋለጣል። በታኅሣሥ 2023 አገልግሎት የጀመረው የማያ ባቡር፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መስመሩ ፍርስራሾቹንና ከተሞቹን ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ከካንኩን ወደ ደቡብ በሚወርደው ክፍል ግን ባቡሩ የሚሄድበት ድልድይ የብረት ምሰሶዎች የዋሻ ጣሪያ እየበሱ ተተከሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችም ውኃው ይበከላል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። መጓጓዣው ፍርስራሽና ከተማን ለማገናኘት ሲል ሁለቱንም ያስገኘውን ውኃ የረሳበት ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ የቆየ ነው።

የመጨረሻው ክርክር የጊዜ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ማስረዳት አይቻልም የሚል። ለውጡ ግን ተጨማሪ ቀን አይጠይቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሦስቱንም ማስተማር ይቻላልና። በባያዶሊድ ያለው የሳን ቤርናርዲኖ ገዳም በ1552 ሥራው የተጀመረው ማያዎች ይጠቀሙበት በነበረ ሴኖቴ ላይ ነው፤ መነኮሳቱ ውኃውን በመንኮራኩር የሚስቡበት፣ ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ በአትክልቱ ውስጥ አለ። ከዚያው ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የ19ኛው መቶ ዓመት ጠመንጃዎች አውጥተዋል። የጥንቱ ውኃ፣ የቅኝ ግዛቱ ገዳም፣ በመርሐ ግብሩ ቀን ያልተሰጠው ጦርነት፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ይገኛሉ። አስጎብኚ የሚያስፈልገው ከግቢው ሳይወጣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ትረካ ብቻ ነው። ትረካውን መለወጥ ለጎብኚው ቡድን የነዳጅም የሆቴልም ወጪ አይጨምርበትም፤ የሚጨምረው የዝግጅት ሥራ ነው፤ ሥራውም በዋናነት የአስጎብኚ ድርጅቶችና የሚያሠለጥኗቸው ትምህርት ቤቶች ነው።

ይህ ሥራ ካልተሠራ፣ ጎብኚዎች ደጋግመው የሚጠይቁት «ማያዎች የት ጠፉ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። ጥያቄውን የወለደው ታሪኩ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው፤ ሕዝቡ በፍርስራሹ ቀን ታይቶ በሌሎቹ ቀናት ከመድረኩ እንዲወርድ ስለተደረገ። በሜክሲኮ የሕዝብ ቆጠራ ዛሬም ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች የዩካታንን የማያ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አስጎብኚ፣ ሾፌር፣ ምግብ አብሳይና የዕደ ጥበብ ሻጭ ሆነው እንግዳውን የሚያስተናግዱትም ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ጉብኝት የአንድን አገር ታሪክ አስተማርሁ ለማለት የሚችለው የአገሩን ሰዎች በየቀኑ፣ በየቦታው፣ በትላንቱም በዛሬውም ውስጥ ሲያሳይ ነው፤ ያን የማያደርግ መርሐ ግብር የቱንም ያህል ድንቅ ቦታ ቢያዞር፣ የሚያሳየው የራሱን ዝርዝር ነው።